ለጸደይ ፀሐይ የሚሆን የኢንዲ ሙዚቃ ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል?

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ይመጣል። ጃኬቱ ወንበር ላይ ይቀራል። የቼሪ ዛፎቹ ነጭና ሮዝ ለብሰው ከተማው ሙሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። በእኛ አቆጣጠርም ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ስለሆነ ቀኑ ግጥም ይላል። ሦስት ሺህ ያህሉን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1912 በስጦታ የላከው የቶኪዮ ከንቲባ ነበር። አበባው ግን ቶሎ ይረግፋል። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ዘፈን ፍለጋ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ያስቆጫል። ስለዚህ በየዓመቱ አስቀድሜ አንድ የኢንዲ ዝርዝር አዘጋጃለሁ። አሠራሬን ላካፍላችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ኢንዲ ምን እንደሆነ እንያዝ

ቃሉ "ኢንዲፔንደንት" ከሚለው ያጠረ ነው። ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ፣ በራስ ገንዘብ ወይም በትንሽ አሳታሚ የሚወጣ ሙዚቃ ማለት ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አውጥቶ ለሕዝብ አደረሰ። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ኢንዲ የለም።

ይህ ሙዚቃ ለጸደይ የሚስማማበት ምክንያት አለው። አብዛኛው በትንሽ ክፍል፣ በጥቂት መሣሪያ ነው የሚቀረጸው። በጊታሩና በድምፁ መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። ነፋስና የወፍ ድምፅ የሚገቡት በዚያ ክፍተት ነው።

2. መስኮት ከፍታችሁ ምረጡ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ አትዝለሉት።

አንድ ዓመት ዝርዝሬን የካቲት ላይ፣ ሌሊት፣ በጆሮ ማዳመጫ ሠራሁት። ቤት ውስጥ ልብ ይነካ ነበር። መናፈሻ ወስጄ በትንሿ ስፒከር ስከፍተው ግን ግማሹ ዘፈን ጠፋ። ቤዙ የለም፤ ድምፃዊው ሩቅ ነው፤ የሚሰማው የድራሙ ጸናጽል ብቻ ነው። ለካ ቤት ውስጥ ግድግዳው ወፍራሙን ድምፅ እየመለሰ ያግዘን ኖሯል። ሜዳ ላይ የሚመልሰው ስለሌለ ተበትኖ ይቀራል። ትንሽ ስፒከር ደግሞ ከመጀመሪያውም ወፍራም ድምፅ የማውጣት አቅም የለውም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። መስኮቱን እከፍታለሁ። ስፒከሯን ደፉ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ዝቅ አደርጋለሁ። እኔ ወደ ማድቤት ሄጄ ስኒ አጥባለሁ። ዜማው ከመንገዱ ድምፅ ጋር ተስማምቶ እስከ ማድቤት ከመጣ፣ ዘፈኑ አለፈ። "መስኮቱን ዝጊው ዝጊው" ካለኝ፣ ዘፈኑ የክረምት ነው፤ ለክረምቱ አስቀምጠዋለሁ። ጥርት ያለ ጊታር፣ ጭብጨባ፣ ትራምፔት፣ አኮርዲዮን ብዙ ጊዜ ያልፋሉ። ጭጋግ የመሰለ፣ በማስተጋባት የተዋጠ ቅንብር ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

3. ቅደም ተከተሉን ለፀሐይዋ ተዉት

ብዙ ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች ደርድሮ ያበቃል። እኔ ፀሐይዋ የት ጋ እንደምትሆን አስቤ ነው የምደረድረው።

ማለዳ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ኪንግስ ኦፍ ኮንቪኒየንስን አስቀድሙ። በዝናብ ስሟ ከሚነሳው ከበርገን፣ ከኖርዌይ፣ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ2001 የወጣው አልበማቸው ከሞላ ጎደል ሁለት ጊታርና ሁለት ለስላሳ ድምፅ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ጣታቸው በክሩ ላይ ሲንሸራተት ሲጥ የሚለው ሁሉ ይሰማል። ዝናብ የጠገበ ሰው ለፀሐይ እንዴት እንደሚዘፍን፣ ሐምሌና ነሐሴን አዲስ አበባ ያሳለፈ ሰው ይገባዋል።

ረፋድ ላይ ምቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት። ቤል ኤንድ ሰባስቲያን ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። የግላስጎው ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1996 የወጣው በአንድ ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ትምህርት አማካይነት ነበር፤ የታተመውም 1,000 ሸክላ ብቻ። ቀጥሎ ሪል ኢስቴት የሚባለውን የኒው ጀርዚ ባንድ አስገቡ። በ2011 ባወጡት አልበም ላይ ጊታሮቹ በቅጠል መካከል እንደሚያልፍ ብርሃን ይብለጨለጫሉ።

ቀትር ላይ ፈጠን ያለውን አምጡ። እዚህ ጋ የኒውዚላንድ ሙዚቃ እመርጣለሁ። በ1981 ክራይስትቸርች ውስጥ ፍላይንግ ነን የሚባል ትንሽ አሳታሚ ተከፈተ። ዘ ክሊንን የመሳሰሉ ባንዶችን ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። ጊታሩ ይሮጣል፣ ዜማው ግን ያንጎራጉራል። ደስ የሚለኝ ሌላም ነገር አለ። የኒውዚላንድ ጸደይ የሚጀምረው በሴፕቴምበር ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ እነሱም ጃኬታቸውን ያወልቃሉ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ዝርዝር ለመስከረም ብታስቀምጡት የሚያምርባችሁ ለዚህ ነው።

ከምሳ በኋላ ሣር ላይ ጋደም ስትሉ ክሩዋንግቢን ይሁን። የሂዩስተን፣ የቴክሳስ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው በታይላንድ ቋንቋ "አውሮፕላን" ማለት ነው። በ2015 የወጣውን አልበማቸውን የቀረጹት ገጠር፣ አንድ የእርሻ መጋዘን ውስጥ ነው። ቤዙ ራሱ ዜማ ስለሚጫወት ለእነሱ ሲባል ሻል ያለ ስፒከር መያዝ አይከፋም።

4. አመሻሹን ለኃይሉ መርጊያ ተዉለት

ይሄኛው ደረጃ የራሴ ምርጫ ነው፣ ግን አልደራደርበትም።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን ሲጎበኝ እሱ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አንድ ነገር ሠራ። አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ አልበም ቀረጸ፤ በካሴት ወጣ። ከዚያ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ ትንሽ የአሜሪካ አሳታሚ ያን ካሴት እንደገና አወጣው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ።

ካሴቱን አመሻሽ ላይ ክፈቱት። የድራም ማሽኑ ቲክ ቲክ እያለ ይቀጥላል። አኮርዲዮኑ ደግሞ ትንፋሽ እንዳለው ሰው ዜማውን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ሣሩ ላይ ጥላችሁ ሲረዝም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በዚህ ከተማ የተሠራ፣ የእኛ ዜማ ነው።

5. አሳጥሩት፣ አውርዱት

ከ12 እስከ 15 ዘፈን ይበቃል። አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በውኃው ዳር ዛፎቹን ለመዞር የሚወስደውም ያህል ነው። የአንድ ባንድ ሁለት ዘፈን ካለ አንዱን አውጡ። ዘፈን ሳያልቅ ሌላው እንዲጀምር የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉት፤ በመሃል ያለችው ጸጥታ ታስፈልጋለች። ሁሉንም ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ኔትወርክ ይጨናነቃል። ስልኩን ከፀሐይ አርቁት፤ ሲግል ራሱን ያጠፋል።

6. ከወደዳችሁት አንዱን ግዙ

ትንሽ አሳታሚ የሚኖረው በዚህ ነው። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከፋይል ሽያጭ ድርጅቱ 15 በመቶ ወስዶ፣ ከክፍያ ማስተላለፊያው በስተቀር ቀሪው ለሠሪዎቹ ይደርሳል። ከ2020 ጀምሮ በተመረጡ ዓርቦች የራሱን ድርሻም ይተዋል። እኔ በየጸደዩ አንድ አልበም እገዛለሁ፤ አቅም ሲኖር በሸክላ።

7. የመጨረሻዋን ቦታ ባዶ ተዉ

አብሯችሁ ያለ ሰው ይሙላት። ባለፈው ዓመት አክስቴን "እትዬ፣ አንቺ ምረጪ" አልኳት። ነጠላዋን እያጣጠፈች ትንሽ አሰበችና "ያ አኮርዲዮኑ ይደገም" አለችኝ። ደገምኩት። ግጥም የሌለውን ዜማ ከነግጥሙ፣ ከልጅነቷ እያመጣች፣ እስከ መኪናው ድረስ አብራው ዘፈነች።