ቻርጅ የሚደረጉ ደብል ኤ ባትሪዎችን በቴስተርና በአንድ ሬዚስተር ማወዳደር

ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ መግዛት ያሳስታል። 2500 ሚሊአምፒር ሰዓት (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) የተጻፈበት ባትሪ ሪሞት ውስጥ ሲገባ 2000 ከተጻፈበት ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ሦስት ነገሮችን ለይቶ መለካት ያስፈልጋል፦ በእውነት ስንት ይይዛል፣ ጭነት ሲበዛበት (ብዙ ከረንት ሲሳብበት) ቮልቱ ምን ያህል ይወርዳል፣ ሳይሠራ ሲቀመጥ ከያዘው ስንቱ ያልቃል።

ከመለካት በፊት የሚጣሉ አሉ። በደብል ኤ መጠን የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ (ቻርጅ የሚደረገው የተለመደው 1.2 ቮልት ዓይነት) የሚይዘው ቢበዛ 2700 ገደማ ነው። 3000 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን አትመኑ። ሚዛን ካለ መዝኑት፤ ደህናው ከ25 እስከ 31 ግራም ይደርሳል፣ በጣም የቀለለው ውስጡ ትንሽ ነው። 1.5 ቮልት የሚሰጡት የሊቲየም ባትሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፍባቸው በሚሊዋት ሰዓት ስለሆነ ቁጥራቸው ትልቅ ይመስላል። 3000 ሚሊዋት ሰዓት ለ1.5 ሲካፈል 2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። የኒኬሉን 2000 በ1.2 ቮልት ብታባዙት 2400 ሚሊዋት ሰዓት ይሆናል። ሁለቱን ዓይነቶች በዚህ መንገድ ወደ አንድ መለኪያ አምጥታችሁ አወዳድሩ።

ለመለኪያው የሚያስፈልገው 2.2 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (ከረንትን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ)፣ የአንድ ባትሪ መያዣና ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ) ነው። ሩብ ዋት የሚችለው ትንሹ ሬዚስተር ይቃጠላል፤ እዚህ የሚያልፈው ኃይል 0.66 ዋት ገደማ ነውና። ሬዚስተሩን መጀመሪያ ለኩት፤ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ከውጤቱ ቀንሱ፣ ያ የገመዱ የራሱ ነው።

1. አዲስ ወይም ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ባትሪ ሁለት ሦስቴ ቻርጅ ተደርጎ ካልተራገፈ (የያዘው እንዲያልቅ ካልተደረገ) ትክክለኛ አቅሙን አያሳይም። ይህን ሳታደርጉ አትፍረዱበት።
2. ሁሉንም በአንድ ቻርጀር፣ በአንድ ዓይነት ከረንት ሙሏቸው። ከዚያ እስኪቀዘቅዙ 1 ሰዓት አስቀምጧቸው።
3. ሬዚስተሩን አገናኙ፣ ቮልቱን በየ15 ደቂቃው መዝግቡ። የቴስተሩን ጫፍ ባትሪው ላይ እንጂ መያዣው ላይ አታድርጉ። ስፕሪንጉ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው እንኳ ከ0.05 ቮልት በላይ ይሰርቅባችኋል።
4. ከ1.1 ቮልት በታች ከወረደ በየ2 ደቂቃው ተመልከቱ፤ ከዚህ በኋላ መውረዱ ፈጣን ነው። 1.0 ላይ ሲደርስ ወዲያው ንቀሉት። ተገናኝቶ ቢያድር ባትሪው ይበላሻል።

ስሌቱ ቀላል ነው። አማካይ ቮልቱ 1.21 ከሆነ፣ ለ2.2 ሲካፈል 0.55 አምፒር ነው። ባትሪው 3 ሰዓት ተኩል ከቆየ 0.55 በ3.5 ሲባዛ 1.925፣ ማለትም 1925 ሚሊአምፒር ሰዓት ይዟል። 2000 ለተጻፈበት ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ያለ ጭነት ቮልት ብቻ ለክቶ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ የኒኬል ባትሪ ግማሽ ላይ ሆኖም ሆነ ሊያልቅ ሲቃረብ 1.2 አካባቢ ይቆያልና።

ጭነት የመቻል አቅሙን ለማየት፣ በሞላው ባትሪ ላይ ሁለተኛ 2.2 ኦም ሬዚስተር ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ጨምሩበት። ከረንቱ ወደ 1.1 አምፒር ይወጣል። ቮልቱ በ0.02 እስከ 0.05 ብቻ ከወረደ ባትሪው ደህና ነው። ከ0.1 በላይ ከወረደ ለካሜራ ፍላሽና ሞተር ላለው መጫወቻ አይሆንም፤ ሪሞት ውስጥ ግን ገና ይሠራል።

ሦስተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ብዙ ሰው የሚዘለውና ለቤት ዕቃ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሞልታችሁ 30 ቀን አስቀምጡና ሳትሞሉ መልሳችሁ አራግፉት። የድሮው ዓይነት የኒኬል ባትሪ በወር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ኢነሉፕ በተባለው ምርት የታወቀው ዓይነት ግን የሚያጣው ጥቂት ነው። በአምራቹ አገላለጽ መደበኛው ኢነሉፕ እስከ 2100 ጊዜ፣ 2500 የሚይዘው ፕሮ ደግሞ 500 ጊዜ ያህል ይሞላል። ልዩነቱ የሚመጣው ብዙ ለመያዝ ሲባል ውስጡ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚለየው ሽፋን ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ ለሪሞት፣ ለግድግዳ ሰዓትና ለማውስ መደበኛውን፣ ብዙ ለሚፈጅ ፍላሽ ትልቁን መምረጥ ይሻላል።

1.2 ቮልቱን እንደ ድካም ቆጥረው «ባትሪ አልቋል» የሚሉ አንዳንድ ዕቃዎች አሉ፤ ለእነሱ 1.5 ቮልቱ ሊቲየም ይስማማል። ሆኖም እስከ መጨረሻው ሙሉ መስሎ ቆይቶ በድንገት ይጠፋል፣ ሬዲዮ ውስጥም ጩኸት ሊፈጥር ይችላል። የሚሞላውም በራሱ ቻርጀር ብቻ ነው። መጠኑ አንድ የሆነውን 3.7 ቮልት ሊቲየም ግን በደብል ኤ ቦታ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ዕቃውን ያቃጥላል። ለጭስ መጠቆሚያ መመሪያው የፈቀደውን ብቻ ተጠቀሙ።

ውጤቱን በማይጠፋ ስክሪፕቶ እያንዳንዱ ባትሪ ላይ ጻፉ፣ ከዚያ በ100 ሚሊአምፒር ሰዓት ውስጥ የሚቀራረቡትን አጣምሩ። ደካማና ጠንካራ አብረው ሲገቡ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ጠንካራው ከረንት መግፋቱን ስለሚቀጥል የደካማው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይገለበጣል። እንዲህ የሆነ ባትሪ ብዙውን ጊዜ አቅሙ አይመለስም።