ኳስ ስትገዙ ሜዳችሁንም አስቡ

ለሰፈር ጨዋታ ኳስ ልትገዙ ነው? ዓርማውን ተዉትና መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። ለአዋቂ ቁጥር 5 ነው፤ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም። ለታዳጊ ልጆች ቁጥር 4 ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን ሜዳው ነው። ጠጠር ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ልባስ ያለውን እርሱት፣ ቶሎ ይላጣል። ወፈር ያለና በክር የተሰፋ ምረጡ። ስፌቱ ቢፈታ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ታሰፉታላችሁ፤ በሙጫ የተጣበቀው ከተላቀቀ ግን ለመጠገን ያስቸግራል። እዚያው ሱቅ ውስጥ አሽከርክራችሁ ወደ ላይ ወርውሩት። እየተወላገደ ከዞረ ክብ አይደለም፣ ባለሱቁ የፈለገውን ይበል።

አመታታችሁንም አስቡበት። ባሕር ዳር የምትጫወቱ ከሆነ፣ ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ኳስ ከቆላው ይልቅ ትንሽ ይርቃል። አክርራችሁ የምትመቱ ከሆነ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር አታስነፉት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ ይበል። የቀን ፀሐይም ኳሱ ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያሳብጠው ከጨዋታ በኋላ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። መንፊያ መርፌውን ደግሞ በውሃ ሳታርሱ አትክተቱ። ደረቅ መርፌ ቫልቩን ሊቀደው ይችላል።