መንግሥት በአሻራና በፊት ማንነትን እንዴት ያረጋግጣል? ከምዝገባ እስከ ድንበር፣ ደረጃ በደረጃ

ጣት ስካነሩ ላይ ያርፋል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ሰውየው ያልፋል። በቃ፣ ሁለት ሰከንድ። ከመብራቱ ጀርባ የሚሆነውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ባለማወቁም አንዳንዱ ማሽኑን ከልክ በላይ ያምናል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይፈራዋል። እዚህ የምጽፈው መንግሥታት የጣት አሻራን፣ ፊትንና የዓይን አይሪስን ይዘው ማንነትን የሚያጣሩበትን መንገድ ነው። በየደረጃው እናንተ ምን ብታደርጉ እንደሚሻልም አብሬ እላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። ማሽኑ «ይህ ሰው እሱ ራሱ ነው» አይልም። የሚለው «የዛሬው ናሙና ከተመዘገበው ጋር ይህን ያህል ይመሳሰላል» ነው። ነጥብ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። ማለፊያ ነጥቡን የሚቆርጠው ሰው ነው፤ የሚመጣው ስህተት ሁሉ፣ የሚመጣው ጥቅምም ሁሉ፣ ከዚያ ቁርጥ ጋር የተያያዘ ነው።

1. የተጠየቃችሁት ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ለዩ

ባዮሜትሪክ፣ ማለትም ሰውን በአካሉ መለያ ማወቅ፣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንዱ ማረጋገጥ ነው። እናንተ «እኔ እገሌ ነኝ» ትላላችሁ፣ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ማሽኑም ፊታችሁን ከአንድ ፎቶ ጋር ብቻ ያስተያያል። ሌላው ፍለጋ ነው። እዚህ ላይ ማንም «እኔ ነኝ» አላለም፤ አንድ ፊት ወይም አንድ አሻራ ተገኝቷል፣ ማሽኑም ሚሊዮኖች ካሉበት መዝገብ ውስጥ ባለቤቱን ያስሳል።

ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ግን የሰማይና የምድር ነው። እስቲ እናስላው። አንድ ስርዓት ሁለት የተለያዩ ሰዎችን «አንድ ናቸው» ብሎ የሚሳሳተው ከ10,000 ንጽጽር አንዴ ነው እንበል። ለማረጋገጥ ይህ ጥሩ ነው። ያንኑ ስርዓት 10 ሚሊዮን ሰው ባለበት መዝገብ ላይ ለፍለጋ ስታሰማሩት ግን በአንድ ፍለጋ ብቻ 1,000 ገደማ ነገሩ የማይመለከታቸው ሰዎች «ተመሳሰሉ» ተብለው ይወጣሉ። ማሽኑ አልተበላሸም፣ የተቀየረው ጥያቄው ነው። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን ቴክኖሎጂው «99 ነጥብ ምናምን በመቶ ትክክል ነው» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለየትኛው ሥራ?» ብላችሁ ነው።

2. ለምዝገባ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ

ከሁሉም በፊት ሰነዳችሁን አስተካክሉ። አሻራ ስም አይናገርም። አሻራ የሚያደርገው አንድን አካል ከአንድ መዝገብ ጋር ማሰር ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ወይም የልደት ቀን ከተሳሳተ ስህተቱ አብሯችሁ ይታሰራል። ሐሰተኛ የልደት ሰርተፍኬት ይዞ የመጣ ሰውም እንደዚያው፣ ውሸቱ በእውነተኛ አሻራ ይጸድቅለታል። ለዚህ ነው ጠንካራ ማሽን ደካማ ሰነድን የማያድነው። ከመነሳታችሁ በፊት መዝጋቢውን ስክሪኑን እንዲያዞርላችሁ ጠይቁና የስማችሁን እያንዳንዱን ፊደል አንብቡ።

ከዚያ ወደ ጣት። አስሩ ጣቶች ብዙ ጊዜ በሦስት ዙር ነው የሚወሰዱት፦ የአንዱ እጅ አራት ጣቶች፣ የሌላው እጅ አራት፣ በመጨረሻ ሁለቱ አውራ ጣቶች አብረው። እጃችሁን ታጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። ቆዳችሁ በጣም ደረቅ ከሆነ ግን ትንሽ ሎሽን ይረዳል፣ አለበለዚያ መስመሮቹ ቁርጥርጥ ብለው ይወጣሉ። ደግሞ አትጫኑ! ብዙ ሰው «አላነበበም» ሲባል ይብሱን ይጫናል፤ ሲጫን ከፍ ከፍ ያሉት የቆዳ መስመሮች ይጠፈጠፉና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠፋል፣ ማሽኑም የሚያየው ጥቁር ልጥፍ ብቻ ይሆናል። ጣታችሁን ለስለስ አድርጋችሁ አሳርፉና ሳታንቀሳቅሱ ቆዩ። ቁስል ካለም እስኪድን ቀጠሮ አስቀይሩ።

ለዓመታት በሲሚንቶ፣ በድንጋይ ወይም በኬሚካል የሠራ ሰው አሻራው ያለቀ ሊሆን ይችላል። ዕድሜም ያሳሳዋል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ እንዲህ ከሆኑ አብራችሁ ሂዱ። ስርዓቱ የሚፈቅድ ከሆነ አይሪስና ፊትም እንዲወሰድላቸው፣ ያልተነበበው ጣትም «አልተነበበም» ተብሎ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ይህን ካላደረጋችሁ በኋላ አገልግሎት በሚፈልጉበት ቀን ማሽኑ የሌለ ነገር ከእነሱ ይጠብቃል።

አይሪስ ከብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ቀለበት ነው። መነጽር አውልቁ፣ ባለ ቀለም ኮንታክት ሌንስም አታድርጉ፣ ዓይናችሁን በደንብ ግለጡ። ካሜራው የሚጠቀመው ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ በጣም ጥቁር ዓይን ላይ እንኳ መስመሮቹ ጥርት ብለው ይወጣሉ። የፊት ፎቶ ቀላሉ ነው፦ ቀጥ ብላችሁ እዩ፣ አትሳቁ፣ ጥላ አይረፍባችሁ።

3. ምስሉ ወደ ቁጥር ሲለወጥ

ስካነሩ ያነሳው ምስል እንዳለ አይደለም የሚነጻጸረው። ሶፍትዌሩ የአሻራው መስመሮች የሚያልቁበትንና ለሁለት የሚከፈሉበትን ቦታ ይለቅማል፣ አቀማመጣቸውንና አቅጣጫቸውንም በቁጥር ይጽፋል። ይህ የቁጥር ስብስብ ቴምፕሌት ይባላል። የአይሪስ ደግሞ በብሪታንያ ካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆን ዳውግማን በ1990ዎቹ ባወጣው ዘዴ ወደ 2,048 ቢት ኮድ (የ0ና የ1 ድርድር) ይቀየራል። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ዓይን ራሱ የተለያየ ኮድ ነው ያለው፤ የመንትዮችም ይለያያል። ፊት ላይ ግን መንትዮች ማሽኑን ያስቸግሩታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ድርብ ምዝገባን ማጣራት ነው። አዲሱ ቴምፕሌት ቀድሞ ከተመዘገበው ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት መታወቂያ እንዳያወጣ። ሕንድ አዳሃር የሚባለውን ባለ 12 አሃዝ መታወቂያ በ2010 መስጠት ስትጀምር አስር ጣት፣ ሁለት አይሪስና ፊት አብራ የወሰደችው ለዚህ ነው። ዛሬ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። በዚህ ብዛት ውስጥ አንድ ጣት ብቻ ይዞ መፈለግ አያዋጣም፤ የላይኛውን ስሌት አስታውሱ።

4. ድንበር ላይ

ፓስፖርታችሁን አውጡና ሽፋኑን እዩ። ከታች አካባቢ አራት ማዕዘን ሆኖ መሃሉ ላይ ክብ ያለበት ትንሽ ምልክት ካለ ቺፕ አለው ማለት ነው። ማሌዥያ በ1998 ቀድማ ባለ ቺፕ ፓስፖርት ሰጠች፤ በኋላ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ፊትን ዋናው የጋራ መለያ አድርጎ ደረጃ አወጣለት። አሁን ፎቷችሁ ያለበትን ገጽ ክፈቱ። ከግርጌው የተጻፉት ሁለት ረጃጅም መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ቁጥር አላቸው። አውቶማቲኩ በር መጀመሪያ የሚያነበው እነዚህን ነው፤ ከፓስፖርት ቁጥሩ፣ ከልደት ቀኑና ከማብቂያ ቀኑ ቺፑን የሚከፍት ቁልፍ ይሠራል። ስለዚህ የተዘጋ ፓስፖርት በኪስ ይዞ የሚሄድን ሰው በአጠገቡ በማለፍ ብቻ ቺፑን ማንበብ ቀላል አይደለም።

ቺፑ ሲከፈት ማሽኑ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛ፣ መረጃው ላይ ያለው የሰጪው አገር ዲጂታል ፊርማ (በእጅ ሳይሆን በስሌት የተሠራ የማረጋገጫ ኮድ) ትክክል ነው? አንድ ሰው ፎቶውን ለመቀየር ቢሞክር ፊርማው ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ቺፑ ውስጥ ያለው ፎቶ ካሜራው ፊት ከቆመው ሰው ጋር ይመሳሰላል? በዚያው ቅጽበት ስሙና የፓስፖርት ቁጥሩ ከሚፈለጉ ሰዎችና ከጠፉ ፓስፖርቶች ዝርዝር ጋር ይታያል። እኔ ከዚህ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለፊርማው ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ካሜራው ነው፤ የሐሰተኛ ፓስፖርት ገበያን ያጠበበው ግን ዝም ብሎ የሚሠራው ፊርማ ነው።

አሜሪካ ከ2004 ጀምሮ የውጭ ተጓዦችን አሻራ ትወስዳለች። 29 የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በኦክቶበር 2025 የጀመሩት አዲሱ ስርዓት ለአጭር ጊዜ የሚገቡ የሌላ አገር ዜጎችን ፊትና አራት ጣት ይመዘግባል፤ ማኅተም መምታት እየቀረ ነው። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ ከሆነ ምዝገባው ሰዓት ይወስዳልና ተከታዩን በረራ አጥብባችሁ አትያዙ።

5. ማለፊያ ነጥቡን ማን ቆረጠው?

ይህ የጽሑፉ ልብ ነው። እንደ ፈተና ነው፤ ማለፊያው ከፍ ሲል ሰነፉ አያልፍም፣ ግን አንዳንድ ጎበዝም አብሮ ይወድቃል። ማለፊያው ከፍ ከተደረገ አስመሳይ አያልፍም፣ ትክክለኛው ባለቤትም ግን ደጋግሞ «አይደለህም» ይባላል። ዝቅ ሲል ወረፋው ይፈጥናል፣ አጭበርባሪም ያልፋል። ሁለቱን ስህተቶች በአንድ ጊዜ ዜሮ የሚያደርግ ነጥብ የለም። ለኑክሌር ጣቢያ በር የሚሆነው ነጥብ ለእርዳታ እህል ማደያ አይሆንም። እህል ማደያ ላይ ስርዓቱ በስህተት «አይደለህም» ያለው ሰው የሚከፍለው በረሃብ ነው። ሕንድ ውስጥ አሻራቸው ያለቀ አረጋውያን ማሽኑ አላውቅም ብሏቸው ራሽናቸውን ሳይወስዱ የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ይህ የማሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌላ መንገድ አስቀድሞ አለማዘጋጀት ነው።

ስህተቱም ለሁሉም እኩል አይደርስም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም በ2019 የ189 የፊት መለያ ሶፍትዌሮችን ውጤት አወጣ። በብዙዎቹ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን «አንድ ናቸው» የማለት ስህተት ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው በምዕራብና በምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ነው። በቻይና ከተሠሩት አንዳንዶቹ ግን ለምሥራቅ እስያ ፊት ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ስለዚህ ነገሩ የተፈጥሮ ብቻ አይመስልም፣ ሶፍትዌሩ የተማረበት ፎቶ ጉዳይም ሳይሆን አይቀርም። ማንኛውም መንግሥት ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት በራሱ ሕዝብ ፊት ላይ ሊፈትነው ይገባል።

6. ፖሊስ ሲጠቀምበት

እዚህ የሚሠራው ፍለጋ ነው። ማሽኑ ተቀራራቢ እጩዎችን ይደረድራል፣ መርማሪው አንድ በአንድ ያያል። ጥሩ ሲሠራ ለዓመታት የተዘጋ ፋይል ይከፍታል። ክፉ ሲሠራ ደግሞ ንጹሕ ሰው ያስራል። በማርች 2004 ማድሪድ ውስጥ በባቡሮች ላይ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ ፕላስቲክ ከረጢት ላይ የተገኘን አሻራ ባለቤት በመዝገቡ ውስጥ ፈልጎ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የሚኖር አንድ ጠበቃ ላይ ደረሰ። ባለሙያዎቹም «የሱ ነው» ብለው አረጋገጡ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ገደማ ታሰረ፤ የስፔን ፖሊስ የአሻራውን እውነተኛ ባለቤት ሲያገኝ ተፈታ፣ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። በ2020 ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ፣ ማሽኑ ከደበዘዘ የካሜራ ምስል ጋር በስህተት ያመሳሰለው አንድ አባት ሚስቱና ሴት ልጆቹ እያዩ ተያዘ። ጉዳዩ በ2024 ሲቋጭ የከተማዋ ፖሊስ በፊት መለያ ውጤት ብቻ ሰው እንዳያስር ተስማማ። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፦ የማሽኑ ውጤት ጥቆማ ይሁን፣ ማስረጃ አይሁን።

7. ማታለልና መዘረፍ

ጃፓናዊው ተመራማሪ ማትሱሞቶ በ2002 ከጄላቲን በተሠራ ጣት በርካታ ስካነሮችን አታለለ። በ2014 አንድ ጀርመናዊ ሃከር የአገሩን መከላከያ ሚኒስትር አውራ ጣት አሻራ ከፎቶ ላይ አስመስሎ መሥራቱን አሳየ። ለዚህ ነው ዘመናዊ ማሽን ሕይወት ያለው አካል መሆኑን ጭምር የሚፈትሸው፤ ጥልቀት ያያል፣ የቆዳ ባህሪ ያነባል፣ ወይም ዓይናችሁን እንድታርገበግቡ ያዛል።

ዝርፊያው ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2015 ከአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች መዝገብ የ5.6 ሚሊዮን ሰው የጣት አሻራ ተሰርቋል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራ አይቀየርም። ስለዚህ ጠይቁ፦ ቴምፕሌቱ የሚቀመጠው ማዕከላዊ መዝገብ ላይ ነው ወይስ ካርዱ ላይ ብቻ? ዋናው ምስልስ ይጠፋል ወይስ ይቀራል? ለስንት ዓመት? ሌላ መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ በማን ፈቃድ ይሰጣል? ለማረጋገጥ ብቻ ከሆነ ካርዱ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ያልተሰበሰበ መረጃ ደግሞ አይሰረቅም።

8. ማሽኑ እምቢ ሲላችሁ

አትደናገጡ፣ አትጨቃጨቁ። ጣታችሁን ጠርጋችሁ ሌላ ጣት ሞክሩ፤ ፊት ከሆነ መነጽርና ኮፍያ አውልቁ፣ ብርሃን ከኋላችሁ እንዳይሆን ዙሩ። ከዚያም እምቢ ካለ ሰው እንዲያያችሁ ጠይቁ። ሰነዳችሁን አይቶ የሚወስን ኃላፊ የሌለበት ስርዓት ገና አላለቀም፣ ይህንን ሳትፈሩ ተናገሩ። አገልግሎት ከተከለከላችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተሰጣችሁን ምክንያት ጻፉ፣ አቤቱታውንም በጽሑፍ አስገቡ።

መዝገባችሁንም አሳድሱ። የልጅ ፊትና ጣት ያድጋል። አዳሃር ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፎቶ ብቻ ይወስዳል፣ አሻራና አይሪስ በ5 ዓመቱ ወስዶ በ15 ዓመቱ እንደገና ያድሳል። የትም ብትሆኑ ልጃችሁ በሕፃንነቱ ከተመዘገበ የማደሻ ጊዜው መቼ እንደሆነ ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ጠይቁና ፓስፖርቱ ከሚያበቃበት ቀን ጋር አብራችሁ ጻፉት።