የጥይት ቁስሉን አለመስፋት ነበር መፍትሔው

ሰሜን ወሎ፣ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መንገድ ዝግ። የጥይትና የፍንጣሪ ቁስለኛ ግን በየቀኑ ይመጣል። እኔም ሐኪሙ አዲስ አበባ እንደለመድኩት ቁስሉን አጥቤ ግጥም አድርጌ እሰፋለሁ። በሦስተኛው ቀን የቁስለኛው እግር ያብጣል፣ ስፌቱን ስፈታው መግል። መጀመሪያ ያማረርኩት አንቲባዮቲኩን ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔው ነው።

የጥይት ቁስል የቢላ ቁስል አይደለም። ጥይቱ ባለፈበት ሁሉ የሞተ ሥጋ፣ የልብስ ቁራጭና አፈር ይቀራል፤ ከላይ ስትሰፋው ለጀርሙ ቤት ሠራህለት ማለት ነው። ስለዚህ ቆዳውን ሰፋ አድርጌ መክፈት ጀመርኩ። ቀለሙ የጠቆረውን፣ ሲቆነጥጡት የማይኮማተረውን፣ ሲቆርጡት የማይደማውን ጡንቻ አወጣለሁ፣ በብዙ ውሃ አጥባለሁ፣ ከዚያ ሳልሰፋ በፋሻ ብቻ እሸፍነዋለሁ። 4 ወይም 5 ቀን ቆይቶ ንጹሕ ከሆነ ያኔ መስፋት። የቀይ መስቀል የጦርነት ቀዶ ሐኪሞች የሚያስተምሩትም ይኼንኑ ነው፤ አንብቤዋለሁ፣ እጄ ግን አልለመደውም ነበር። (ፊት ላይ ያለ ቁስል ለየት ይላል፣ ደም በደንብ ስለሚደርሰው ቶሎ ይሰፋል።)

ፋሻ ሲያልቅ ሲስተር "ዶክተር፣ ነጠላ አለ እኮ" አለችኝ። አጥበን፣ ቆራርጠን፣ በከሰል በሚሠራ አውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ዕቃ) በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ቀቀልነው።

ቁስሉን ሳልሰፋ የተውኩት የመጀመሪያው ልጅ እናት "ሳይሰፉት ሊተዉት ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። በአምስተኛው ቀን ስፈታው ሽታ የለው፣ መግል የለው፣ ቀይ ሥጋ። ሰፋሁት።