የሳብዉፈር ችግርና መፍትሄ፦ ጉድጓዱን በኢኳላይዘር አትሙሉት

ገመዱ ተሰክቷል ወይ፣ ሳብዉፈሩ (የቤዝ ስፒከሩ) በርቷል ወይ ብዬ አልጠይቅም። ይሄ ጽሑፍ ያንን ሁሉ ጨርሳችሁ፣ ዲኤስፒም (ድምፁን የሚያስተካክለውን ዕቃ) ገዝታችሁ፣ አሁንም ድምፁ አልጥም ላላችሁ ነው። ላፕቶፕ፣ የመለኪያ ማይክ (ዩሚክ 1 ወይም መሰሉ) እና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። ማይኩ የራሱ የማስተካከያ ፋይል አለው፤ እሱን ሳትጭኑ አትለኩ። ማይኩን በእጃችሁ ይዛችሁም አትለኩ፤ በማቆሚያ ጆሯችሁ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ይቁም። በስልክ ማይክ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። የስልክ ማይክ ለወሬ የተሠራ ነው።

«እኔ ጋ ቤዝ የለም»

ስልኬ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ነው።

አንድ ቀን አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ተጠራሁ። አባወራው ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ሞቷል» አሉኝ። እውነትም እሳቸው ጋ ቤዝ የለም። ባለቤታቸው ግን ከማድቤት «ኧረ ቀንሱት፣ ብርጭቆው ሁሉ ተንጫጫ!» ይላሉ። ልጆቹ ግድግዳ ሥር ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ሆዳችን ተንቀጠቀጠ እያሉ ይስቃሉ። አንድ ቤት፣ ሦስት ዓይነት ቤዝ።

ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ለክቶ 40 ሄርዝ ላይ ጉድጓድ፣ ማለትም ግራፉ ዝቅ ብሎ የወረደበት ቦታ አይቷል። ከዚያ በኢኳላይዘር (የየሄርዙን ድምፅ በሚጨምረውና በሚቀንሰው ማስተካከያ) 12 ዴሲቤል ጨምሮ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ጉድጓዱ ወይ ፍንክች! ሳብዉፈሩ ግን መሽተት ጀምሯል። የሚቃጠል ኮይል (የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ) ሽታ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም።

ሜትሬን አወጣሁ። ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ እስከ ኋላው ግድግዳ 4.3 ሜትር ነው። ሶፋው 2.15 ላይ፣ ልክ እምብርቱ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው የምግብ ጠረጴዛ ስላለ ነው እዚያ የቀረው። ድምፅ በአዳማ ሙቀት በሰከንድ 345 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 345ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ለ8.6 አካፍሉት። 40 ይመጣል። በዚህ ሄርዝ ላይ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ግድግዳ ሥር ይከመራል፣ መሃል ላይ ራሱን ያጠፋል። የእኛ ብሎኬት ደግሞ ቤዝ አያሳልፍም፣ መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።

ኢኳላይዘር ለምን አልረዳም? 40 ሄርዝን በጨመራችሁ ቁጥር ከግድግዳው የሚመለሰውም እኩል ይጨምራል። ሁለቱ መሃል ላይ ሲገናኙ ያው ይጠፋፋሉ። ዕዳውን የሚከፍለው አምፑ (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ነው። 3 ዴሲቤል መጨመር ዋቱን እጥፍ ያደርገዋል። 6 ዴሲቤል አራት እጥፍ። 12 ዴሲቤል 16 እጥፍ! ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የተጻፈበት፣ ሲከፈት ግን ቡጢ የምታክል ትራንስፎርመር ያለው ሳብዉፈር 16 እጥፍ ከየት ያመጣል?

ጠረጴዛውን አዙረን ሶፋውን 70 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፋነው። ኢኳላይዘሩን ዜሮ መለስኩት። ቤዙ መጣ። አባወራው ትንሽ ዝም ብለው «ሶፋ ገፍተህ ነው ብር የምትቀበለኝ?» አሉኝ። ተቀበልኩ።

ሶፋው የማይነቃነቅበት ቤትም አለ። እንደዚያ ከሆነ ሳብዉፈሩን አንሥታችሁ እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱና ግድግዳውን ተከትላችሁ እየዳኻችሁ አዳምጡ። ቤዙ ሳይጎድል ሳይበዛ የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ሊቀንስ ይችላል። እንግዳ እያለ አትሞክሩት፤ ደንበኛዬ ሲድህ አማቱ ገብተው አይተውታል።

ጉድጓድ ሁሉ ግን የክፍሉ አይደለም። 80 ሄርዝ አካባቢ፣ ሳቡና ስፒከሮቹ በሚረካከቡበት ቦታ ከሆነ ሌላ ነገር ጠርጥሩ። ሳቡ ጀርባ ፌዝ የምትባል ቁልፍ አለች። ስሟ ቀልድ ቢመስልም ሥራዋ ቁም ነገር ነው፤ የሳቡን ሞገድ ትገለብጣለች። ከ0 ወደ 180 አዙሯትና ደግማችሁ ለኩ። ጉድጓዱ ከሞላ ሳቡና ስፒከሮቹ ሲጠፋፉ ነበር ማለት ነው። ካልሞላ ማይኩን ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሱት። ያኔ ጉድጓዱ ከሸሸ የክፍሉ ነው፤ ወደ ሶፋው ተመለሱ።

ሲጠፋፉ ከነበረ ዲሌይ (ድምፁን የሚያዘገየውን ቅንብር) አስተካክሉ። 1 ሚሊ ሰከንድ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ነው። ዲሌይ የሚጨመረው ቀድሞ ለሚደርሰው ነው። የዘገየውን ወደ ፊት የሚጎትት ዲኤስፒ አልተሠራም። በግማሽ ሚሊ ሰከንድ እየጨመራችሁ ለኩ፤ 80 ሄርዝ ላይ ግራፉ ከፍ ባለበት አቁሙ።

ስፒከሮቹን የሚነዳው አምፕ ራሱ ለክቶ «ሳቡ 5 ሜትር ላይ ነው» ቢላችሁ፣ በሜትር ስትለኩት ደግሞ 3 ቢሆን፣ አትንኩት! አልተሳሳተም። በሳቡ ውስጥ ያለው ፊልተር የሚያዘገየውን ጊዜ ወደ ርቀት ቀይሮ ነው። ይሄን በሜትር «ያረመ» ደንበኛ ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ሳቡ ጀርባ ያለውን የክሮስኦቨር ቁልፍም (ከየትኛው ሄርዝ በላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን) እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ዲኤስፒው 80 ላይ እየቆረጠ ሳቡም 60 ላይ ከቆረጠ ጉድጓዱን የቆፈራችሁት ራሳችሁ ናችሁ።

ሳቡን በብሉቱዝ ያገናኛችሁ ካላችሁ፣ ብሉቱዝ ያዘገያል፤ ገመድ ግዙ።

«ዱም ዱም ብቻ ይላል»

ይሄ ተቃራኒው ነው። ሶፋው ግድግዳ ተደግፏል፣ ሳቡም ጥግ ገብቷል። ሳቡን ከጥግ አውጡት። ግራፉ ላይ የተረፈውን እብጠት በዲኤስፒው በጠባቡ፣ እብጠቱን ብቻ ነክታችሁ ቀንሱት፣ 6 ወይም 8 ዴሲቤል። እዚህ ላይ ኢኳላይዘር ጀግና ነው፤ እየቀነሰ ስለሆነ አምፑም ያርፋል።

«ሙዚቃ ሳይኖርም እምምም ይላል»

50 ሄርዝ ነው፣ የመብራቱ። መጀመሪያ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ንቀሉ። ዝም ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩት፤ ካልበቃ ወደ ሳቡ በሚሄደው የድምፅ ገመድ (በአርሲኤው) መስመር ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር አስገቡ። ዲቫይደሩ ሲነኩት የሚንኳኳ ከሆነ ጣሉት። የኤርዝ ሽቦ ቆርጦ «ይኸው ጠፋ» የሚል ባለሙያ ከመጣ ከቤት አስወጡት። ጠፋ ያለው ጩኸቱን ነው፤ ኮረንቲው ግን ዕቃውን የሚነካ ሰው ይጠብቃል። ልጅ ያለበት ቤት ይሄን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

«የሆነ ነገር ይንጫጫል»

አብዛኛውን ጊዜ ሳቡ አይደለም። ኮርኒሱ ነው፣ ማስቲሹ የረገፈ መስኮት ነው፣ ብፌው ውስጥ ያለው ሲኒ ነው። ከ20 እስከ 100 ሄርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ልቀቁና በእጃችሁ እየነካችሁ ፈልጉት።

«ግራፉ ከታች ይዘላል»

የአዳማ ነፋስ ነው። ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ቆርቆሯችሁን ሲመታ ማይኩ ይሰማዋል። ባጃጅም አለ። ነፋስ ሲበርድ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ለኩ። ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ።

«ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል»

አምፑን ዝግ ብፌ ውስጥ ከታችሁታል። በዚህ ሙቀት! አውጡት።

አንዴ ደግሞ ጨርሶ የማይበራ ሳብዉፈር አምጥተውልኝ ነበር። ላዩ ላይ ክብ የውሃ ምልክት አለ። «የአበባ ማስቀመጫ ነበረበት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ለጌጥ ነው፣ ትንሽዬ ናት» አሉኝ። ስከፍተው ቦርዱ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ አንዲት የደረቀች ቅጠልም ፊውዙ ላይ ተለጥፋለች።