የወንጀል ክስ እንዴት ይመሠረታል? መቼ ይቀራል? መቼስ ይቋረጣል?

«ከስሼዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጥቷል ማለት ነው። ይህ በሕግ ገና ክስ አይደለም፤ ጥቆማ ወይም አቤቱታ ነው። ክሱን የሚመሠርተውም የሚተወውም ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህን ያልተረዳ ተበዳይ ለወራት ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ቆይቶ መዝገቡ በሌላ ቢሮ መዘጋቱን ዘግይቶ ይሰማል። ከዚህ በታች ያለው በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከትሎ የተጻፈ ነው።

1. አቤቱታውን በወቅቱ ማቅረብ

ወንጀል ሲፈጸም በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳን መጠቆም ይችላል። እንደ ስድብ፣ ዛቻና አመንዝራነት ያሉት ግን የግል ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ አያስከስሱም። ለእነዚህ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ወር። ሽማግሌ ገብቶበት ሲጓተት ጊዜው ያለፈበት አቤቱታ ጥቂት አይደለም። እርቁ ቢጀመርም አቤቱታውን አስቀድሞ ማስመዝገብ ይሻላል።

ቃልዎን ሲሰጡ «በደለኝ፣ አጠቃኝ» ብለው አያብቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳደረገና ማን እንዳየ ይናገሩ። ኋላ የሚጻፈው ክስ የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። የተጻፈው ተነቦልዎት፣ ያልተናገሩት ነገር ካለ አስተካክለው፣ ከዚያ ይፈርሙ። የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። የአካል ጉዳት ካለ የሐኪም ማስረጃው በዚያው ቀን ቢወሰድ ይመረጣል፤ ቁስል ይድናል፣ ማስረጃውም አብሮት ይጠፋል።

2. የፖሊስ ምርመራ

መርማሪው አቤቱታውን ቢጠራጠረው እንኳን የመመርመር ግዴታ አለበት። የተያዘ ሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም የተያዘው ሰው በእስር የሚቆይበት ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ፣ ከፍርድ ቤቱ ይጠይቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።

3. የዐቃቤ ሕግ ውሳኔ

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አይቶ ክስ ሊመሠርት፣ ቀዳሚ ምርመራ (ከዋናው ክርክር በፊት ፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሰማበት) እንዲደረግ ሊያዝ፣ ለተጨማሪ ምርመራ ለፖሊስ ሊመልስ ወይም አያስከስስም ሊል ይችላል። ለመክሰስ ከወሰነ ክሱን በ15 ቀን ውስጥ ማዘጋጀት አለበት።

የክስ ማመልከቻው በጽሑፍ ሆኖ ቀንና ፊርማ ያለበት ነው። የተከሳሹን ስም፣ ወንጀሉንና የሚያቋቁሙትን ፍሬ ነገሮች፣ ጊዜውንና ቦታውን፣ እንደ ነገሩ ሁኔታ ተጎጂውን ሰው ወይም ንብረት፣ ተጣሰ የተባለውንም የሕግ አንቀጽ ይይዛል። ተከሳሽ የሆነ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እነዚህን ነው። ቀኑ የተድበሰበሰ ወይም ድርጊቱ በግልጽ ያልተነገረ ክስ መከላከያ ለማዘጋጀት አያስችልምና፣ ተቃውሞው ገና ከጅምሩ፣ ምስክር ሳይሰማ ይቅረብ። ጥቃቅን ስህተት ግን ተከሳሹን ካላሳሳተ በቀር ክሱን አያፈርስም።

4. አያስከስስም ሲባል

ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ተበዳዩ የራሱ መብት ያለውም እዚሁ ነው። ዐቃቤ ሕግ የማይከስስባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ጥፋተኛ ለማስባል የሚበቃ ማስረጃ ከሌለ፣ ተከሳሹ ካልተገኘና ጉዳዩ በሌለበት የማይታይ ከሆነ፣ ወንጀሉ በይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ በማለፉ) ከታገደ ወይም ምሕረት ከተደረገበት፣ ወይም የፍትሕ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ጥቅም ሲል እንዳይከሰስ በጽሑፍ ካዘዘ ክስ አይመሠረትም። ተጠርጣሪው ከሞተ ወይም ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል። ይርጋው እንደ ወንጀሉ ክብደት ይለያያል፤ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣው 25 ዓመት፣ ለቀላሎቹ 3 ዓመት ነው።

ውሳኔው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መሆን አለበትና ግልባጩን ይጠይቁ። ምክንያቱ የማስረጃ ማነስ ከሆነ ተበዳዩ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንዲመሠርት ይታዘዝልኝ ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ለዚህ ነው ግልባጩ የደረሰበትን ቀን መጻፍ የሚያስፈልገው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ወንጀል ግን ዐቃቤ ሕጉ ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ የግል ክስ የሚያቀርብበትን ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣል። በግል ክስ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ከመስማቱ በፊት ወገኖቹን ለማስታረቅ ይሞክራል።

5. የተመሠረተ ክስ ሲቋረጥ

«ታርቀናል፣ ክሱ ይነሳልን» የሚል ማመልከቻ በየችሎቱ ይቀርባል። ወንጀሉ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ካልሆነ እርቁ ዐቃቤ ሕጉን አያስገድድም። ቅጣት ለማቅለል ሊረዳ ይችላል፤ ምስክሮች ከቀሩም ክሱ በማስረጃ እጦት ሊወድቅ ይችላል፤ በራሱ ግን ክስ አያቋርጥም።

በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ክሱን ማንሳት ይችላል፤ ከባድ የሰው ግድያና ከባድ ውንብድና ከዚህ ውጭ ናቸው። ክስ መነሳት ነፃ መባል አይደለም፤ ጉዳዩ እንደገና ሊከፈት ይችላል። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ሲሰናበት ግን ፍርድ ነው። ይቅርታና ምሕረትም ከዚህ ጋር ይምታታሉ። ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው የሚሰጥ ነው፤ ምሕረት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. እንደሆነው በአዋጅ ይመጣል።

ክሱ የተቋረጠለት ሰው የትእዛዙን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ማውጣት አለበት። ያስያዘው የዋስትና ገንዘብ እንዲመለስለት፣ በኤግዚቢት (በማስረጃነት) የተያዘ ንብረቱ እንዲለቀቅለትና ከአገር እንዳይወጣ የተጣለበት እገዳ ካለ እንዲነሳለት የሚያመለክተው በዚያ ወረቀት ነው።