የአንድ አውስትራሊያዊ ወጣት ወታደር ዘመቻና አሟሟት ከመዝገብ እንዴት ይወጣል?

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ416 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን ለጦሩ ተመዝግበዋል፤ ከ60 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። የእነዚህ ሰዎች ፋይል በአብዛኛው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ሜልበርን ወይም ፐርዝ የምትኖሩና ልጃችሁ ለአንዛክ ቀን «ከሰፈራችን ሐውልት አንድ ስም መርጠህ ታሪኩን ጻፍ» ተብሎ የመጣላችሁ ሰነድ አጣን ብላችሁ አትጨነቁ። ሰው የሚሳሳተው ያገኘውን ወረቀት ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው ብሎ ሳይጠይቅ እንዳለ ሲገለብጠው ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ታሪኩ በሰፊው የታወቀውን ጄምስ ቻርልስ ማርቲንን ነው፤ ቤተሰቡ ጂም ይሉታል። ሲሞት 14 ዓመት ከ9 ወሩ ነበር። በዚያ ጦርነት በአገልግሎት ላይ ከሞቱ አውስትራሊያውያን ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ እንደሆነ ይታመናል።

መጀመሪያ አራት ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ ሙሉ ስም፣ የአገልግሎት ቁጥር፣ የጦር ክፍል፣ የቅርብ ዘመድ። ስም ብቻ ይዞ መግባት ጉድ ያፈላል፤ ጄምስ ማርቲን የሚባል ወታደር አንድ አይደለም። ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። ቁጥር የሚሰጠው እያንዳንዱ የጦር ክፍል ለራሱ ስለነበር፣ አንዱን ቁጥር በተለያየ ክፍል ያሉ ብዙ ሰዎች ይዘውታል። ጂም ቁጥሩ 1553፣ ክፍሉ 21ኛ ሻለቃ ነው። ስም፣ ቁጥርና ክፍል ሦስቱም ካልገጠሙ ሌላ ሰው ይዘዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በስም መፈለጊያው ይግቡና አንደኛውን የዓለም ጦርነት ይምረጡ። የወታደሮቹ የግል ፋይል የተቀመጠው «ቢ2455» በሚባለው ምድብ ነው። በዝርዝሩ ላይ ከስሙ አጠገብ የትውልድ ቦታ፣ የተመዘገበበት ከተማና የቅርብ ዘመዱ ስም ስለሚታይ ፋይሉን ሳይከፍቱ ማጣራት ይቻላል። ካልተገኘ የስሙን አጻጻፍ ይለዋውጡ። በሐሰት ስም የዘመቱም ነበሩ፤ በተለይ ከቤት ተደብቀው የወጡ ልጆች።

ፋይሉ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚፈልጉት የምዝገባና የቃለ መሐላ ቅጹን ነው። ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሃይማኖት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የደረት ስፋት፣ የዓይንና የጠጉር ቀለም ሁሉ እዚያ አለ። ቁመቱ በጫማና በኢንች ስለተጻፈ 5 ጫማ ከ6 ኢንች የሚለውን 168 ሴንቲሜትር ብለው ይውሰዱ፤ በፓውንድ የተጻፈውን ክብደት በ0.45 ቢያባዙ ኪሎው ይወጣል። የዕድሜውን መስመር ግን በጥርጣሬ ያንብቡ። ያለ ወላጅ ፈቃድ ለመመዝገብ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር፣ በፈቃድ ከሆነ 18። የልደት ወረቀት አምጣ የሚል ስላልነበረ ልጁ ያለው ይጻፍለታል። ጂም ኤፕሪል 12 ቀን 1915 ሜልበርን ላይ ሲመዘገብ 18 ዓመቴ ነው አለ፤ የተወለደው ጃንዋሪ 3 ቀን 1901 ነው። እናቱ ፈቃዷን የሰጠችው ካልፈቀዳችሁልኝ በሌላ ስም ገብቼ ደብዳቤም አልጽፍላችሁም ስላላት ነው።

ስለዚህ ዕድሜውን ከልደት መዝገብ ጋር ያስተያዩ። የልደት መዝገብ የሚያዘው በየክፍለ ግዛቱ ነው። ጂም የተመዘገበው ቪክቶሪያ ውስጥ ቢሆንም የተወለደው ቶኩምዋል፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ነው፤ የቪክቶሪያን መዝገብ ብቻ ያገላበጠ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ወረቀት። «ቢ103» የሚባለው ቅጽ የወታደሩን ውሎ መስመር በመስመር የያዘ ነው፦ መቼ እንደተሳፈረ፣ ከክፍሉ ጋር መቼ እንደተቀላቀለ፣ መቼ እንደታመመ፣ ወዴት እንደተላከ። ሁለት የቀን ዓምድ አለው። በግራ ያለው ሪፖርቱ የተጻፈበት ቀን ነው፤ ነገሩ የተፈጸመበት ቀን በቀኝ፣ ከቦታው ስም አጠገብ ይገኛል። የብዙ ሰው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የግራውን ገልብጦ ወታደሩን ከሞተ ከሳምንታት በኋላ ይገድለዋል። የእጅ ጽሑፉ ካስቸገረ ገጹን አጉልተው ቀለሙ የጠራውን ቃል መጀመሪያ ያንብቡ፤ አንዱ ጸሐፊ ብዙ መስመር ስለሚጽፍ የፊደሉ አጣጣል ወዲያው ይለመዳል።

አሕጽሮቶቹ ጥቂት ናቸው። «ኬ.አይ.ኤ» በውጊያ ላይ ተገደለ፣ «ዲ.ኦ.ደብሊው» ቆስሎ ሞተ፣ «ዲ.ኦ.ዲ» በበሽታ ሞተ ማለት ነው። «ጂ.ኤስ.ደብሊው» የጥይት ቁስል ቢሆንም ለፍንጣሪም ይጽፉት ነበር፤ እሱን ብቻ አይተው በጥይት ተመታ ብለው አይደምድሙ። «ቲ.ኦ.ኤስ» በክፍሉ የሰው ኃይል መዝገብ ገባ ነው። «ኤፍ.ኤ» አሳሳች ነው፤ አንዳንዴ የሜዳ ሕክምና ጓድ፣ አንዳንዴ የሜዳ መድፈኛ ይሆናል፤ ታማሚ ከሆነ የመጀመሪያው ነው። «ኢንቴሪክ» የተባለው የአንጀት ተስቦ፣ ታይፎይድ ነው።

የጂም ሲደረደር እንዲህ ይሆናል፦ ጁን 28 ቀን 1915 ከሜልበርን በቤሪማ መርከብ ተነሣ። ሴፕቴምበር 2 ወደ ጦር ግንባሩ፣ ቱርክ ውስጥ ወዳለው ጋሊፖሊ የምትወስዳቸው ሳውዝላንድ መርከብ ሌምኖስ ደሴት አቅራቢያ በቶርፔዶ ተመታች፤ ጂም ከባሕሩ የወጣው አራት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ጋሊፖሊ ደረሰ፣ ኮርትኒ ፖስት በሚባለው ምሽግ ተመደበ። በታይፎይድ ተይዞ ኦክቶበር 25 ወደ ግሌናርት ካስል የሆስፒታል መርከብ ተወሰደ፤ በዚያው ምሽት ልቡ ደክሞ ሞተ፣ አስከሬኑም ለባሕር ተሰጠ።

ቀኖቹን ሥራው እስኪያልቅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይተዉአቸው። በእኛ ጂም የተመዘገበው ሚያዝያ 4 ቀን 1907፣ የሞተው ጥቅምት 14 ቀን 1908 ነው፤ መሐል ላይ መስከረም ስለገባ፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ያየ ሰው ስድስት ወሩን ዓመት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

አሟሟቱን ለማረጋገጥ ሁለት ቦታ ይሂዱ። ካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ ጦርነት መታሰቢያ የሟቾች የክብር መዝገብ አለው፤ ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰብ የሞላው መጠይቅም እዚያው ይገኛል። መጠይቁ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ ልጅነቱ ከየትኛውም ወታደራዊ ወረቀት የተሻለ ሲሆን፣ ስለ ውጊያው ግን ቤተሰብ የሰማውን ነው የጻፈው። ሁለተኛው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው፤ መቃብሩን ወይም ስሙ የተቀረጸበትን ሐውልት ይነግርዎታል።

ሐውልት የሞተበት ቦታ ማለት አይደለም። ጂም መቃብር ስለሌለው ስሙ ያለው ጋሊፖሊ በሎን ፓይን ሐውልት ላይ ነው። «በሎን ፓይን ውጊያ ወደቀ» ብሎ የጻፈ ተሳሳተ፤ ያ ውጊያ ከኦገስት 6 እስከ 10 ቀን 1915 ተካሂዶ ሲያበቃ ጂም ገና አልደረሰም። ፈረንሳይ ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ አብዛኞቹ አውስትራሊያውያን በቪሌር ብረቶኖ ሐውልት፣ ቤልጂግ የሞቱት በሜኒን በር ላይ ተጽፈዋል። በ1916 ፍሮሜል ላይ ለሞተ ወታደር የኮሚሽኑን የአሁኑን መዝገብ ማየት ግድ ነው፤ በ2009 ከጅምላ መቃብር 250 አስከሬን ወጥቶ፣ ብዙዎቹ በዲኤንኤ ተለይተው የየራሳቸውን መቃብር ስላገኙ የድሮ ዝርዝር ጊዜው አልፎበታል።

በውጊያ የተገደለ ወይም የጠፋ ከሆነ የቀይ መስቀልን የቁስለኞችና የጠፉ ሰዎች ፋይል ይፈልጉ፤ 32 ሺህ ያህል አሉ። የጓደኞቹ ምስክርነት ነው፣ እርስ በርሱም ይጋጫል። ቁመቱንና መልኩን በትክክል የገለጸ ምስክር ሰውየውን በእርግጥ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል፤ የመልኩ ገለጻ ከምዝገባ ቅጹ ጋር የማይገጥመውን ወደ ጎን ይተዉት።

ክፍሉ በዚያ ቀን ምን ይሠራ እንደነበር የሚነግርዎት የጦር ክፍሉ የዕለት መዝገብ ነው፤ «ኤ ደብሊው ኤም 4» በሚባለው ስብስብ ምድብ 23 ሥር የእግረኛ ሻለቆች አሉ። አቋራጩ ይህ ነው፦ በሻለቃው ቁጥር ላይ 17 ይደምሩ። 1ኛ ሻለቃ 23/18፣ 21ኛ ሻለቃ 23/38 ይሆናል። የተራ ወታደር ስም እዚያ ማግኘት ብርቅ ነው።

ከግል ፋይሉ ሳይወጡ የመጨረሻዎቹን ገጾች አይዝለሉ። ከ1920 ወዲህ ጦሩ ለእናት «የሟቹ አባት በሕይወት አለ ወይ?» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሜዳሊያውና የነሐስ መታሰቢያው የሚሰጠው በሕግ በተቀመጠ የዝምድና ቅደም ተከተል ስለነበር ነው። የቤተሰቡ አድራሻ፣ መለያየትና ሞት የሚወጣው ከእነዚህ መልሶች ነው። በ1967 ጋሊፖሊ ለዘመቱ ሰዎች ወይም ለቤተሰባቸው ስለተሰጠው ሜዳልያ የጻፈ ዘመድም በዚያው ፋይል ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ወታደሩ የሞተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሆነ ምድቡ ይለወጣል፦ በፈቃደኝነት ለባሕር ማዶ ዘመቻ የተመዘገበውን በ«ቢ883»፣ የሚሊሻውን በ«ቢ884» ይፈልጉ።